ስድስቱ ከደብተር፣ ሰባተኛዋ ከጭንቅላት

የሥራ ፈላጊ ካርዴ አሁንም አለኝ። የገንዘብ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከንግድ ፈቃዴ ኮፒ ሥር ተኝቷል። ፎቶው ላይ ሹሩባ ተሠርቻለሁ። ፊቴ ደግሞ ነገ ጠዋት ባንክ የሚገባ ሰው ፊት ነው።

በ2007 በአካውንቲንግ ተመርቄ በሳምንቱ ነው ቀበሌ ሄጄ የተመዘገብኩት። ያኔ ኮብልስቶን የሚያነጥፈውም፣ ተደራጅቶ ብድር የሚጠይቀውም፣ እንደኔ ባንክ የሚያልመውም የሚገባው በአንድ በር ነበር። ካርዱን እያሳደስኩ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። አንድ ቀን ተደወለልኝ። ልቤ ቀጥ አለ። ለካ ለስብሰባ ነው።

ከዚያ አክስቴ ዓሣ ቤት ገባሁ። እሷ ስትደክም ቤቱን ለኔ ተወችልኝ። ከጣና ዳር ትንሽ ገባ ብላ ያለች፣ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ቤት ናት። ፀጥታው ከተናጋ ወዲህ ቱሪስቱ ቀንሷል፤ የያዘኝ የከተማው ሰው ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ። እኔ የማውቀው በዐቢይ ጾም ወንበር እንደማይበቃኝ ነው።

እና ዘንድሮ ጾሙ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ፊሌቶ የሚያወጣልኝ ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ ብሎ በአንድ ሌሊት ተነሣ። ጉዴ ፈላ። ለብለቡን፣ ጉላሹን፣ ኮተሌቱን እኔም እሠራዋለሁ። ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ሳያበላሹ በፍጥነት ከአጥንቱ መለየት ግን ሌላ ሙያ ነው። የኔ እጅ ከአጥንቱ ጋር ግማሹን ሥጋ ይጥላል።

ደላላ ጋ መሄድ አልፈለግኩም። ከልጁም ይቆርጣል፣ ከኔም ይቆርጣል። ባለፈው ያመጣልኝ አስተናጋጅ በሦስተኛው ሳምንት ጠፋ። ኋላ ስሰማ ሌላ ቤት ያስገባው ያው ደላላ ነው። አንድ ልጅ፣ ሁለት ኮሚሽን።

«መንግሥት ጋ ሂጂ፣ ነጻ ነው» ያለኝ ሕግ የተማረው ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱ ከጀመረ አያቆምም። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን ቁጥር 88 ስምምነት ያጸደቀችው በ1955 ነው አለኝ። ሥራ ፈላጊና ቀጣሪን በነጻ የሚያገናኝ የመንግሥት አገልግሎት ይኖረኛል ብላ። ጃንሆይ እያሉ ማለት ነው።

«ታዲያ እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ ያላገናኙኝ ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ከማን ጋር ያገናኙሽ? ቀጣሪው መቼ ይሄዳል!»

ዝም አልኩ። ቀጣሪ ከሆንኩ ስድስት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ። አንድ ማዕከል ከሚባሉት የሥራ ዕድል ቢሮዎች አንዱ ነው፤ የየትኛው ክፍለ ከተማ እንደሆነ ይቅር። አግዳሚው ላይ ወጣቶች ተደርድረዋል። ግማሾቹ ለውጭ አገር ሥራ ሌበር አይዲ የሚሉትን የሠራተኛ መታወቂያ ሊያወጡ የመጡ ናቸው። የቀሩት ክላሰር ታቅፈዋል። እኔም ወረፋ ያዝኩ። አጠገቤ የነበረው ልጅ «በምንድን ነው የተመረቅሽው?» አለኝ።

«ሠራተኛ ፈልጌ ነው።»

ክላሰሮቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። እንደዚያ ቀን ታይቼ አላውቅም። ሦስት ሲቪ ተሰጠኝ፣ አንዱ የሲቪል ኢንጂነር። «ኧረ ዓሣ ቤት ነው» ብለውም «ችግር የለውም፣ ያዢው» አለኝ። ይዤዋለሁ። እስካሁን ቤቴ አለ፤ መጣልም አልቻልኩ፣ ምን እንደማደርገውም አላውቅ።

መዝጋቢው ጸጉሩ የሸበተ፣ ትሑት ሰው ነው። መጀመሪያ ግን የንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥርና ማህተም ያለበት ደብዳቤ አምጪ አለኝ። ስድስት ጠረጴዛ ላላት ቤት ማህተም! በዚህ ብቻ ሁለት ቀን ተመላለስኩ። አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። ደላላው እኮ የሚጠይቀኝ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

ሐሙስ ኮምፒዩተሩን ከፈተ። የሚፈለገው የትምህርት ደረጃ? የትምህርት መስክ? «ፊሌቶ የሚያወጣ» አልኩት። ፈለገ፣ አጣ። «የምግብ ዝግጅት ብለን እንሙላው» አለ። ልክ ፍለጋውን ሲጫን ኔትወርክ ሄደ። ኔትወርኩ ሲመጣ መብራት ሄደ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ጋሼ መሳቢያውን ስቦ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣ። ስድስት ስም ከነስልኩ ጻፈልኝ። ወረቀቱን ሊሰጠኝ ሲል እጁን መለሰና ሰባተኛ ጨመረ። «ይቺ የምግብ ዝግጅት አይደለችም። የተመረቀችው በዕፅዋት ሳይንስ ነው። ግን ሰኞ ሰኞ ትመጣለች፤ ደግሞ የደቅ ልጅ ናት፣ የጣናው ደሴት።»

ቤት ገብቼ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስልካቸው አይሠራም። ሦስተኛዋ ጋ እናቷ አነሱት። «ልጄ ቤሩት ናት፣ ዓመት አለፋት» አሉኝና ስለሷ ብዙ አወሩኝ፤ እኔም መዝጋት ከበደኝ። አራተኛው ባጃጅ ይነዳል። ደመወዙን ስነግረው ከልቡ ሳቀ። «እህቴ፣ እሱን እኮ በሳምንት አገኘዋለሁ።» አምስተኛዋ አግብታ ደብረ ታቦር ገብታለች። እነዚህ ሁሉ መዝገብ ላይ ዛሬም ሥራ ፈላጊ ናቸው። የኔም ስም እዚያው ሳይኖር አይቀርም፤ ሥራ አገኘሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለማ።

ስድስተኛዋና ሰባተኛዋ ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ዓሣው ገና ከጀልባ መውረዱ ነው። ለሁለቱም ሁለት ሁለት ቀረሶ ሰጠሁ።

ስድስተኛዋ በምግብ ዝግጅት ደረጃ 3 አላት፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲውን፣ አልፋለች። ሽርጧ ነጭ፣ ጸጉሯ የተሸፈነ። ንጽህናዋን ወደድኩላት። ቢላዋውን የያዘችው ግን ሽንኩርት ለመክተፍ እንደሚያዝ ነው። ከሆዱ ጀመረች፤ ሐሞቱ ፈሰሰ። የዓሣ ሐሞት ሥጋው ላይ ከፈሰሰ በኋላ ሎሚም አያድነው። ልጅቱ አልሰነፈችም። ዓሣ እንዲህ አድርገሽ አውጪ ያላት ሰው የለም።

የደቅዋ ልጅ ገበታውን ሳይሆን ቢላዋዎቹን ነው ያየችው። አንዱን አንሥታ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ መለሰችው። ስለቱ ተበልቶ የቀጠነውን፣ እኔ ልጥለው ያሰብኩትን መረጠች። «ሞረድ አለ፣ እትዬ?» አለችኝ። ሳለችው። ቅርፊቱን አልፋቀችም፤ ቆዳው ለሚወጣ ዓሣ ምን ያደርጋል? ራሱን ወደ ግራ አስተኛችና ከክንፉ ኋላ አንድ ጊዜ ቆረጠች። ከዚያ ቢላዋውን አስተኝታ አከርካሪውን እየተከተለች እስከ ጭራው ወረደች። ሆዱን ሳትነካ። ገልብጣ ሌላውን ወገን አወረደች። ቆዳውን ከጭራው በኩል በጣቷ ይዛ በአንድ ስበት ለየችው። አጽሙን አንሥታ ወደ መስኮቱ አየችው፤ በመሃሉ ብርሃን ያልፋል። አክስቴ እንኳ እንዲህ አታወጣም ነበር።

«የት ተማርሽው?»

«አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ስሠራ ነው ያደግኩት።»

«ታዲያ ፎርሙ ላይ ለምን አላስሞላሽውም?»

«እንደዚያ የሚል ቦታ የለውም እኮ፣ እትዬ።»

ይሄ ከነከነኝ። አራት ዓመት የተማረችው ተጽፏል፤ አሥር ዓመት እጇ የሠራው የለም። ኮምፒዩተሩ ኔትወርክ ቢኖረውም እሷን አያወጣልኝም ነበር። ያወጣት ሰኞ ሰኞ አግዳሚው ላይ ያያት ሰው ነው። እሱ ጡረታ የወጣ ዕለት ያ ሁሉ አብሮት ቤቱ ይሄዳል።

ስድስተኛዋን ጎረቤቴ ያለች ምግብ ቤት ወሰደቻት። የደቅዋን ልጅ እኔ ቀጠርኩ። ምሳና እራት ጨምሮ ነው። ደመወዙን አልጽፈውም፤ አፍራለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ወለል ደመወዝ ብጠብቅ ደግሞ ለግል ድርጅት የተቀመጠ ወለል የለም። ውሉን ቢሮው ሄደን ስናዘጋጅ የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ብዬ ጻፍኩ፣ እንደለመድኩት። ጋሼ በቀይ እስክርቢቶ ሰርዞ 60 የሥራ ቀን አደረገው። 45 ቀን የድሮው አዋጅ ነው፣ የ1996ቱ። አሁን የሚሠራው 1156/2011 ነው አለኝ። ያ ሁሉ ዓመት በተሻረ ሕግ ስቀጥር ኖሬያለሁ።

ውሉን ካስፈረምኩ በኋላ አንድ ፎርም ሞልቼ እንድመልስለት ለመነኝ። ለሩብ ዓመት ሪፖርት ነው። «አንድ ቋሚ የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ተብሎ ሲጻፍ አየሁ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የሄደውን ልጅ ነው የተካሁት፤ ምንም አልተፈጠረም» አልኩት። መነጽሩን ወደ ታች ስቦ አየኝ። «እህቴ፣ ለኔም የሚያስፈልገኝ ቁጥር አለ» አለኝ። ፈረምኩ።

ልወጣ ስል ደብተሩን ከመጨረሻው ገጽ ከፈተው። ላዩ ላይ «ቀጣሪዎች» ይላል፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ስሜንና ስልኬን ጻፈ። ከኔ በላይ ሦስት ስም ብቻ ነበር።

«ሁለተኛው» አለኝ፣ «ስልኩ አይሠራም።»