ጉልበቶቼን ገጥሜ መንቀሳቀስ የተማርኩበት እርግዝና

ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ስድስተኛ ወሬን ስይዝ፣ ከብልቴ በላይ ባለው አጥንት ላይ የጀመረኝ ሕመም ወደ ብሽሽቴና ወደ ዳሌዬ እየዘለቀ መራመድ ከለከለኝ። ቤታችን ደሴ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ ዳገት ላይ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ በመሆኑም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በየቀኑ በሚኒባስ እመላለስ ነበር። ከዳገቱም ከመንገዱም የባሰብኝ ግን ሌሊት አልጋ ላይ መገላበጥ ነበር። እናቴ «ቻይው ልጄ፣ ፅንስ ሲከብድ እንዲህ ያደርጋል» ስላለችኝ አንድ ወር ሙሉ ዝም አልኩ፤ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ዝምታዬ ነው።

በመጨረሻ ስናገር፣ የምትከታተለኝ አዋላጅ ነርስ ሽንቴን አስመርምራ ኢንፌክሽን አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከችኝ። ባለሙያዋ እንዳስረዳችኝ፣ የዳሌ አጥንቶች ከፊት የሚገናኙበት መጋጠሚያ በወትሮው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲኖረው፣ በእርግዝና ጊዜ ጅማቶች ስለሚላሉ ተጨማሪ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ይችላል፤ ግራና ቀኙ እኩል ሳይንቀሳቀሱ ሲቀሩ ሕመሙ ይነሳል፤ ፅንሱን ግን አይጎዳም። ይህን የመጨረሻውን ስሰማ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ በጉልበቶቼ መካከል ትራስ አድርጌ በጎኔ መተኛት፣ ስገላበጥም ጉልበቶቼን ገጥሜ መላ ሰውነቴን በአንድነት ማዞር ጀመርኩ። ባጃጅ ስሳፈር መጀመሪያ እቀመጥና ሁለቱንም እግሮቼን አንድ ላይ አስገባለሁ። ቀሚሴንም ጫማዬንም ተቀምጬ ለበስኩ። በአንድ እጄ ከባድ ዘንቢል ማንጠልጠል ተውኩ። አጭር በርጩማ ላይ እግርን ከፍቶ ቡና ማፍላት ሕመሜን እንደሚቀሰቅስ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጀበናውን ለእህቴ ለቅቄ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ባለሙያዋ ባሳየችኝ መሠረት መቀነቴን ከሆዴ በታች፣ በዳሌዬ ዙሪያ ጠበቅ አድርጌ ስታጠቅ ዳገቱን ለመውጣት ረዳኝ። ለማስታገሻ በሐኪም ከታዘዘልኝ ፓራሲታሞል በቀር አልወሰድኩም፤ አይቡፕሮፌን፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዳና የእንሽርት ውሃን ሊቀንስ ይችላልና። ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ወይም እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት ካለ ግን «ያው የአጥንቱ ሕመም ነው» ብሎ መቆየት አይገባም፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ከመውለዴ በፊት፣ በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቶቼን ሳያመኝ ምን ያህል መክፈት እንደምችል በሜትር ለክተን በክትትል ካርዴ ላይ አስጻፍኩ። ምጥ ሲመጣ የመጋጠሚያው ሕመም በምጡ ስለሚሸፈን፣ እግርን ያለልክ መክፈት መጋጠሚያውን ሊጎዳ ይችላል። አዋላጇ ካርዱን አይታ በግራ ጎኔ አስተኛችኝ፤ ባለቤቴ ቀኝ እግሬን ደግፎልኝ ወለድኩ። ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ሄደ፤ ልጄን ለማዘል ግን ሁለት ወር ጠበቅኩ።