መቶ አርባ ዓመት የዘገየ ሽልማት

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆቴል የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ በመተላለፊያው ዝር የሚል ሰው የለም። ቤዝቦልን ያስተማረኝ ልጄ ነው። የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሽልማት በ1947 እንደተጀመረና የመጀመሪያው ተሸላሚም ጃኪ ሮቢንሰን እንደሆነ ሲነግረኝ፣ «ከዚያ በፊት የነበሩትስ?» አልኩት። «አባዬ፣ አንተ ስጣቸዋ!» ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ደብተር ገዝቼ ከ1876 ጀመርኩ። (ዓመታቱና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ገና በመጀመሪያው ገጽ ተሳሳትኩ። ዛሬም ያለው ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ ናሽናል ሊግ፣ የተመሠረተው በ1876 ስለሆነ፣ በዚያ ዓመት ለቺካጎ 47 ጨዋታ ያሸነፈውን ኳስ ወርዋሪ አልበርት ስፓልዲንግን ሸለምኩ። ሲነጋ ሳጣራ፣ ሰውየው ከ1871 እስከ 1875 በቆየው በቀድሞው የቡድኖች ማኅበር፣ በናሽናል አሶሲዬሽን፣ ከ200 በላይ ጨዋታዎችን አሸንፏል። ያን ማኅበር አንድ የመዝገብ ኮሚቴ በ1969 ከዋና ሊጎች አላስገባውም፤ በወረቀት ካየነው ስፓልዲንግ አዲስ ነው ማለት ነው። ይህ ደግሞ ደብሩ አዲስ ስለተተከለ መሪጌታውን ፊደል ቆጣሪ እንደ ማለት ነው። ስሙን በቀይ ሰረዝኩት። ከዚያ ወዲህ የቀድሞውን ማኅበር ልምድ ብዬ ቆጠርኩ፤ ለቀረው የዛሬውን ደንብ ተከተልኩ፦ ባለፉት ዓመታት ከ130 ጊዜ በላይ ለመምታት የቆመ ወይም ከ50 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) በላይ የወረወረ ሰው ጀማሪ አይባልም።

እኔ የፈራሁት «ምርጥ» የሚለውን ቃል ነበር። ያስቸገረኝ ግን «ጀማሪ» የሚለው ሆኖ ተገኘ።

1880 ብቻውን ሦስት ሌሊት ወሰደብኝ። የቺካጎው ላሪ ኮርኮራን 43 አሸንፎ 14 ተሸንፏል። የዉስተሩ ሊ ሪችመንድ 32 አሸንፎ 32 ተሸንፏል። ልጄ ነገሩ አለቀ አለ። እኔ ግን የቡድኖቹን ውጤት ከጎን ጻፍኩ። ቺካጎ በዚያ ዓመት 67 አሸንፎ የተሸነፈው 17 ብቻ ነው፤ ሌላው ወርዋሪው ፍሬድ ጎልድስሚዝም 21 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፏል። እንዲህ ያለ ቡድን ከኋላው ያለው ሰው ማሸነፉ አይደንቅም። ዉስተር በዓመቱ ካሸነፋቸው 40 ጨዋታዎች ግን 32ቱ በሪችመንድ ክንድ የተገኙ ናቸው። በዚያ ላይ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ሰኔ 12 ቀን ክሊቭላንድን 1 ለ 0 ሲያሸንፍ አንድም ሰው ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስበት ማረፊያ) አላስደረሰም፤ በዋና ሊጎች ታሪክ የመጀመሪያው እንከን የለሽ ጨዋታ ይኸው ነው። ሽልማቱን ለሪችመንድ ሰጠሁ። ልጄ እስከ ዛሬ ይቃወመኛል።

1886 ቀላል ነበር። የባልቲሞሩ ማት ኪልሮይ በመጀመሪያ ዓመቱ 513 መቺዎችን በስትራይክ (ኳሱን መምታት ሳይችሉ ቀርተው) አስወጥቷል። በጊዜው የሚወረወረው ከ50 ጫማ ርቀት ነበር፤ ወደ 60 ጫማ ከ6 ኢንች ያደገው በ1893 ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከዛሬዎቹ ጋር ማወዳደር ከንቱ ነው፤ ከዘመኑ ጀማሪዎች ጋር ግን ይወዳደራል።

በ1884 ገጽ ላይ ቆይቻለሁ። በዘመኑ ሌላ ዋና ሊግ በነበረው በአሜሪካን አሶሲዬሽን ለቶሌዶ የተሰለፈው ጥቁር ተጫዋች ሞዝስ ፍሊትዉድ ዎከር 152 ጊዜ ለመምታት ቆሞ 40 ጊዜ መትቷል። የእኔን ደንብ ያሟላል፣ ጀማሪም ነው። ተቀባይ፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ ሆኖ የወርዋሪውን ኳስ የሚይዝ ነበር፤ ያን ኳስ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለውም በባዶ እጁ ነበር። ወርዋሪው ቶኒ ሙሌን ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደተናገረው፣ ዎከር አብረውት ከሠሩት ተቀባዮች ሁሉ የላቀ ነበር፤ እርሱ ግን ጥቁር ስለሚጠላ ተቀባዩ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረወር የሚያሳይበትን ምልክት ሳያይ የፈለገውን ይወረውር ነበር። እንግዲህ ምን እንደሚመጣበት ያልተነገረው ሰው ያመለጡት ኳሶች የማን ጥፋት ናቸው? ዎከር ከዚያ ዓመት በኋላ በዋና ሊግ አልተጫወተም።

ሽልማቱን የወሰደው 34 አሸንፎ 13 የተሸነፈው የኮሎምበሱ ኤድ ሞሪስ ነው፤ አዝኜ ላዳላ አልፈለግሁም። በዎከር መስመር ላይ ግን «ያመለጡ ኳሶች» የሚለውን ሣጥን ባዶ ትቼዋለሁ።