ጂማት ላይ ወርድ ፕሮብለም፦ መጀመሪያ ጻፉት፣ ከዚያ አስሉት

ጂማት የቢዝነስ ማስተርስ (ኤምቢኤ) ለመማር የሚያመለክቱ ሰዎች የሚወስዱት ፈተና ነው፣ የሂሳብ ክፍሉ ላይ ካልኩሌተር አይፈቀድም። ይሄን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ማባዛትና ማካፈል መለማመድ ነው። ጥሩ ነው፣ ይጠቅማል። ግን ሰዓታችሁን የሚበላው እሱ አይደለም። ሰዓት የሚበላው ወርድ ፕሮብለም (በታሪክ መልክ የሚመጣ የሂሳብ ጥያቄ) ላይ አራት መስመር አንብቦ ጨርሶ "እሺ፣ አሁን ምንድን ነው የጠየቁኝ?" ብሎ እንደገና ከላይ መጀመር ነው።

21 ጥያቄ፣ 45 ደቂቃ። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ይደርሰዋል። አንዱን ጥያቄ ሦስቴ ካነበባችሁት፣ እስክሪብቶ ሳታነሱ ደቂቃ ተኩል ሄደ።

እኔ ድሬ ነው የምኖረው። የትራንዚት ሥራ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ውጭ አገር ለኤምቢኤ ለማመልከት ነው ጂማት ውስጥ የገባሁት፣ አሁን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እያጠናሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ስለማያሠራ ጠዋት በማለዳ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ሁለታችንም ሂሳብ የምንወድ ሰዎች ነን። ወርድ ፕሮብለም ግን ለብቻው መልመድ የሚፈልግ ነገር ነው፣ እና እንዴት እንደሚለመድ በደንብ የሚያስረዳ ሰው ብዙም ስለማይገኝ ነው ይሄን የምጽፈው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር። በቴሌግራም የሚዞሩት የጂማት ፒዲኤፎች አብዛኞቹ የድሮው ፈተና ናቸው። ፈተናው በ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ተቀይሯል። ጂኦሜትሪ ከሂሳቡ ክፍል ወጥቷል። "መረጃው ይበቃል ወይስ አይበቃም?" የሚለው ዓይነት ጥያቄም ዳታ ኢንሳይትስ ወደሚባለው ክፍል ሄዷል (እዚያኛው ላይ ካልኩሌተር አለ)። ነጥቡም አሁን ከ205 እስከ 805 ነው። ስለዚህ የሦስት ማዕዘን ፎርሙላ እየሸመደዳችሁ ከሆነ ተዉት፣ ያንን ጊዜ ለወርድ ፕሮብለም ስጡት። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ራሱ ሁለት ሙሉ የልምምድ ፈተና በነጻ ይሰጣል። እነሱን ግን በመጀመሪያው ሳምንት አታቃጥሏቸው፣ ትንሽ ከተዘጋጃችሁ በኋላ ነው የሚጠቅሟችሁ።

አሁን ወደ ልምምዱ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምንበት መንገድ ይሄ ነው፦ አሥር ጥያቄ ውሰዱ፣ አንዱንም አትሥሩ። እኩልታውን ብቻ ጻፉ። ምን ተጠየቀ፣ በምን መለኪያ፣ ምንን "ሀ" ብዬ እጠራዋለሁ፣ ከምን ጋር እኩል ነው። በቃ። መልሱን ሳታወጡ ወደሚቀጥለው እለፉ። ስትጨርሱ የጻፋችሁትን ከመፍትሔው ጋር አስተያዩ። መጀመሪያ ላይ በጣም ያበሳጫል፣ ምክንያቱም እጅ ቶሎ ማስላት ይፈልጋል። ግን ማስላቱን ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ስንሠራው ኖረናል። ያልለመድነው ከንባብ ወደ እኩልታ መሻገሩን ነው፣ እሱን ለይቶ ካልሠሩት ደግሞ መቶ ጥያቄ ቢሠሩም ብዙ ለውጥ አይመጣም።

አንድ ምሳሌ ረጋ ብለን እንየው። በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ ከጭነት ልጀምር።

አንድ የጫኝና አውራጅ ቡድን አንድ ተሳቢ ለብቻው በ6 ሰዓት ያራግፋል። ሌላው ቡድን ያንኑ ተሳቢ በ3 ሰዓት ያራግፋል። የመጀመሪያው ቡድን ለብቻው 2 ሰዓት ከሠራ በኋላ ሁለተኛው ተቀላቀለው። ሁለቱ አብረው ለስንት ሰዓት ሠሩ?

መጀመሪያ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ። የተጠየቀው አብረው የሠሩበት ሰዓት ነው። ሥራው በአጠቃላይ የፈጀው ሰዓት አልተጠየቀም። ይሄንን ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት፦ "ሀ = አብረው የሠሩበት ሰዓት"። ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ሰዓት ስንት ስንተኛውን እንደሚሠራ ጻፉ። የመጀመሪያው 1/6፣ ሁለተኛው 2/6። አብረው ሲሆኑ 3/6። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት 2/6ኛው አልቋል፣ የቀረው 4/6 ነው። በአንድ ሰዓት 3/6 የሚሠሩ ሰዎች 4/6 ለመሥራት አንድ ሰዓት ከሲሶ ይፈጅባቸዋል፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ።

አሁን ፈተናው ላይ የሚሰጡትን የመልስ ምርጫዎች አስቡ። 2 ሰዓት አለ። እሱ የመጀመሪያውን የብቻ ሥራ ለዘለለ ሰው የተቀመጠ ነው። 3 ሰዓት ከ20 አለ፣ ጠቅላላውን ሰዓት ላሰላ ሰው። ሁለቱም ሂሳባቸው ትክክል ነው፣ ጥያቄያቸው ግን ሌላ ነው። ፈተናው እዚህ ጋ ነው የሚይዘው። የሚያድናችሁ ደግሞ ያቺ ወረቀቱ አናት ላይ የጻፋችኋት መስመር ነች። ሌላም ማረጋገጫ አለ፦ የቀረውን 4/6 ፈጣኑ ቡድን ለብቻው ቢሠራው እንኳን 2 ሰዓት ነው የሚፈጅበት፣ ስለዚህ አጋዥ እያለው ከ2 ሰዓት በታች መሆን አለበት። ይሄን ብቻ ያሰበ ሰው ሁለቱን ወጥመዶች ሳያሰላ ይጥላቸዋል።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ላይ "ሲባዛ ለሲደመር ማካፈል" የሚለውን አቋራጭ ፎርሙላ (የሁለቱን ሰዓት ብዜት ለድምራቸው ማካፈል) የሚያስተምሩ አሉ። አልወደውም። ሁለቱ አብረው ከጀመሩና አብረው ከጨረሱ ይሠራል። አንዱ ቀድሞ ከጀመረ፣ ወይ አንዱ መሐል ላይ ከወጣ፣ ፎርሙላው ምንም አይረዳችሁም፣ ፈተናው ደግሞ የሚወደው እንደዚህ ያለውን ነው። በአንድ ሰዓት ስንት ይሠራል የሚለውን ጥያቄ ያዙ፣ እሱ ሁሉም ላይ ይሠራል።

ቀጥሎ መንገድ። ከድሬ ወደ ሐረር የሄደ ሰው የደንገጎን ዳገት ያውቀዋል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ትጠጋለች። አንድ ሚኒባስ ሲወጣ በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ በዚያው መንገድ ሲመለስ 60 ቢሄድ የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? ጓደኛዬ ይሄን ሲያይ "አቦ፣ ርቀቱ ሳይነገረኝ እንዴት ነው የምሠራው?" አለ። ርቀቱ አያስፈልግም። ደስ ያላችሁን ቁጥር ስጡት፣ ለ40ም ለ60ም የሚካፈል ይሁን ብቻ። 120 በሉት። መውጫው 3 ሰዓት፣ መመለሻው 2 ሰዓት። 240 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት፣ 48 ነው። 50 ያልሆነው መኪናው በዝግታ የሄደበት ሰዓት ስለሚበልጥ ነው። እውነተኛው ርቀት ከዚህ በጣም ያንሳል፣ ለመልሱ ግን ለውጥ የለውም። 120ውን በሌላ ቁጥር ቀይራችሁ ሞክሩት፣ ያኔ ነው በደንብ የሚገባችሁ።

ባቡሮቹን ቶሎ ልለፋቸው። (ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ልጆች ሆነን ባቡር ሊያስፈራን አይገባም።) ፊት ለፊት የሚመጡ ከሆነ ፍጥነታቸውን ደምሩ፣ አንዱ ሌላውን የሚከተል ከሆነ ቀንሱ። 600 ኪሎ ሜትር ተራርቀው አንዱ በ70 ሌላው በ80 ቢመጡ በ4 ሰዓት ይገናኛሉ። ማይልና ጋሎን ስታዩም አትደንግጡ፣ በኪሎ ሜትርና በሊትር እንደምትሠሩት ነው።

ፐርሰንት ግን ቆም ብሎ ማየት ይፈልጋል። እዚህ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ አንድ ነጋዴ ልብስ በ800 ብር ገዝቶ በ1,000 ሸጠ እንበል። ስንት በመቶ አተረፈ? ከገዛበት ካሰላችሁት 25 በመቶ ነው። ከሸጠበት ካሰላችሁት 20። ብሩ ያው 200 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የ"በመቶ" ምልክት አጠገብ "የምን?" ብላችሁ ጻፉ። 25 በመቶ፣ የምን? የመግዣው። ይሄን እጃችሁ እስኪለምደው ድረስ ጻፉት፣ ቀላል ጥያቄ ላይም ጭምር። ዋጋ በ20 በመቶ ጨምሮ በ20 በመቶ ቢቀንስ ወደ ቦታው አይመለስም፣ ከመጀመሪያው 96 በመቶ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ምክንያቱም ሁለተኛው 20 የትልቁ ዋጋ 20 ነው።

የሚቀጥለው በጣም የምወደው ዓይነት ነው። ሰዎች ግን ይፈሩታል። ኪሎው 600 ብር የሆነ ቡናና ኪሎው 900 የሆነ ቡና ቀላቅላችሁ ኪሎው 700 የሚያወጣ ቅልቅል ማግኘት ፈለጋችሁ። በስንት ለስንት? 700 ከ600 በ100 ይርቃል፣ ከ900 በ200 ይርቃል። ድሮ የምናውቀውን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አስቡት፣ ዘንጉ 700 ላይ ቆሟል፣ ቅርብ ያለው ብዙ ካልተጫነበት ሩቅ ያለው ይጥለዋል። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ውዱ ሁለት ኪሎ ርካሹ። ማረጋገጫ፦ 600 እና 600 እና 900፣ ሲደመር 2,100፣ ለ3 ሲካፈል 700። የክፍል አማካይ ውጤትም፣ በሁለት ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ወለድም፣ የጨው ውህድም በዚሁ ይሠራል። ይሄን አንዴ ከያዛችሁት ለሁለት ደቂቃ የተመደበውን በሠላሳ ሰከንድ ትጨርሱታላችሁ፣ የተረፈውን ለከባዱ ትሰጣላችሁ።

ሁለት ቡድን የሚደራረብበት ጥያቄ ደግሞ ለእኛ ከተማ የተሠራ ይመስላል፣ እዚህ ሦስት ቋንቋ የሚናገር ሰው ብርቅ አይደለምና። ከ40 ነጋዴዎች 28ቱ ኦሮምኛ፣ 22ቱ ሶማሊኛ ይችላሉ፣ 3ቱ ከሁለቱ አንዱንም አይችሉም። ሁለቱንም የሚችሉት ስንት ናቸው? 3ቱን አውጡ፣ 37 ቀሩ። 28 ሲደመር 22፣ 50 ነው። ትርፉ 13 ሁለቴ የተቆጠሩት ናቸው። ክብ ከመሳል ሰንጠረዥ መሥራት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም "ሶማሊኛ ብቻ" ብለው ሲጠይቁ 22 እና 9 የተለያየ ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብለው ይታያሉ።

አንድ የመጨረሻ ምሳሌ፣ እሱም ከቡና። 90 ኪሎ ቡና አለ፣ 20 በመቶው እርጥበት ነው። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እርጥበቱ 10 በመቶ ሆነ። አሁን ስንት ኪሎ ይመዝናል? የብዙ ሰው እጅ ወዲያው 10 በመቶ ቀንሶ 81 ይጽፋል። ምርጫው ውስጥም ይኖራል። እዚህ ጋ መጠየቅ ያለበት "ምንድን ነው ያልተለወጠው?" የሚለው ነው። ውኃው ተለውጧል፣ ጠቅላላ ክብደቱም ተለውጧል፣ ደረቁ ክፍል ግን እንዳለ ነው። እሱ የ90 ኪሎው 80 በመቶ፣ 72 ኪሎ ነው። ከደረቀ በኋላ ያው 72 ኪሎ የአዲሱ ክብደት 90 በመቶ ሆኗል። ስለዚህ አዲሱ ክብደት 80 ኪሎ ነው። የዕድሜ ጥያቄም ላይ ይሄው ነው፣ ዓመት ሲያልፍ የሁለት ሰው የዕድሜ ልዩነት አይለወጥም። ምን እንዳልተለወጠ ካገኛችሁ እኩልታው ራሱን ይጽፋል።

ሰዓት ይዞ መለማመድ መቼ ይጀመር? እኔ የምለው፣ አሥሩን ጥያቄ ሳታሰሉ ስትጽፉ ከአሥሩ ዘጠኙ ከመፍትሔው ጋር ሲገጥም። ከዚያ በፊት ሰዓት መያዝ ማስጨነቅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሁልጊዜ በሰዓት ሥሩ፣ እና ሦስት ደቂቃ ያለፈውን ጥያቄ መተው ልመዱ። ፈተናው በምትመልሱት ልክ የሚከብድና የሚቀል ስለሆነ ከባድ ጥያቄ መምጣቱ ጥሩ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ላይ ተጣብቆ መጨረሻዎቹን ባዶ መተው ግን ውጤት ያወርዳል። የማታውቁትንም ገምታችሁ ሙሉ።

ክፍሉን ስትጨርሱ ሰዓት ከተረፈ ተመልሳችሁ እስከ 3 መልስ መቀየር ይፈቀዳል። ለዚያ ምልክት ስታደርጉ ምረጡ። እኩልታው ወጥቶላችሁ ማስላቱ ብቻ የቀረውን ምልክት አድርጉበት፣ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ገና ምን እንደተጠየቀ ያልለየላችሁን ግን ገምታችሁ እለፉት፣ በቀረችው አንድ ደቂቃ አይወጣላችሁም።