የሰው ሰዓት የወሰድሁበት የስቶክሆልም ክረምት

ከስቶክሆልም ከተመለስሁ ወዲህ ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ሳያነሣ አይሄድም። አንደኛው «በረዶውን ነካሽው?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ቡናው ቶና ከደረሰ በኋላ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ «ለመሆኑ ምን አጥተሽ ተመለስሽ?» ተብሎ የሚቀርበው ነው። የመጀመሪያውን በአጭሩ መልሼ አልፈዋለሁ። ነክቼዋለሁ፤ ያለ ጓንት የነካሁበት እጄም ለረጅም ጊዜ የእኔ አልመስል ብሎኝ ቆይቷል። ሁለተኛው ግን በአጭሩ አይመለስም፤ ጠያቂዎቼ አብዛኞቹ ልጅ ወይም ወንድም ለመላክ ቤታቸውን እስከ መሸጥ የሚያስቡ ሰዎች ስለሆኑ በችኮላ ልመልስላቸውም አልፈልግም። በዚያ ከተማ የቆየሁባቸውን 82 ቀናት ሳስብ ቀድማ ትዝ የምትለኝ ከመዳፌ የማትበልጥ አንዲት ወረቀት ናት፤ ብርዱ ከእርሷ በኋላ ነው የሚመጣው።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ 27 ዓመት አስተምሬ በጡረታ የተሰናበትሁ ሴት ነኝ። ታናሽ እህቴ ስቶክሆልም ከገባች 14 ዓመት ሆኗታል፤ በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። የሄድሁት እርሷን ለማየት ነው። ኅዳር በገባ በሳምንቱ ደረስሁ፤ የጎብኚ ቪዛ በ180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን በላይ ስለማያስቀምጥ ጥር ሳያልቅ ተመለስሁ። እኛ በጋ ብለን የምንጠራቸው፣ እህል የምንሰበስብባቸውና ጥምቀትን የምናከብርባቸው ወራት ለእነርሱ የዓመቱ ጨለማ መሆናቸውን በመጽሐፍ አውቀው ነበር። በመጽሐፍ ማወቅና ገብቶ ማየት ግን ለየቅል ነው።

እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ ጋር ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቆጠራውን እንጀምራለን፣ ስትጠልቅ አሥራ ሁለት እንላለን፤ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይዛነፍ የእጅ ሰዓት የሌለው ገበሬ እንኳ ጥላውን አይቶ ሰዓቱን ይናገራል። በስቶክሆልም ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40 ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ የምትጠልቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ ቀን የሚባለው በጠቅላላው 6 ሰዓት ነው። እርሱም ቢሆን ፀሐይዋ ከቤቶቹ ጣሪያ እምብዛም ከፍ ሳትል ጥግ ጥጉን ሄዳ የምትገባበት፣ ደመና ከሆነም ጨርሶ የማትታይበት ቀን ነው። በደረስሁ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ከእንቅልፌ ነቅቼ ሰዓቴን ሳይ አንድ ሰዓት ይላል፤ የጠዋቱ ይሁን የማታው መለየት አቅቶኝ፣ እህቴ ከሥራ ገብታ እስክትነግረኝ ድረስ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

ሰዎቹ ከጨለማው ጋር መኖርን ያውቁበታል። በየመስኮቱ የወረቀት ኮከብ ያንጠለጥላሉ፣ ሰባት አምፖል ያለው መቅረዝ ያኖራሉ። የመኪና መብራት ሲያርፍባት የምታበራ ትንሽ ጌጥም በኮታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ እህቴ በደረስሁ ማግሥት የልብ ቅርጽ ያላትን አንዷን ኮቴ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዛ «እትዬ፣ ይህችን ሳታደርጊ መንገድ እንዳትሻገሪ» አለችኝ። መንገዱ በረዶ ሲጋገርበት እግር እንዳያዳልጥ ደቃቅ ጠጠር ይበተንበታል። ቤቱ ደግሞ፣ ይህን የሚያምነኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፣ ከአዲስ አበባ ቤት ይሞቃል። በየመስኮቱ ሥር ሙቅ ውኃ የሚዘዋወርበት ብረት አለ፣ የመስኮቱ መስታወትም ድርብርብ ነው፤ ውጭው ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ በሆነበት ዕለት እኔ ውስጥ በስስ ቀሚስ ተቀምጬ ነበር፤ በሐምሌ እኔ ቤት ግን ጋቢ ሳይደረብ አይቀመጥም። ጫማ በር ላይ ማውለቃቸውንም ወደድሁት፤ እኛ ለቤተ ክርስቲያን የምንሰጠውን ክብር እነርሱ ለመኖሪያ ቤታቸው ሰጥተውታል።

ያልወደድሁት የሰዓታቸውን ነገር ነው፤ የእኛም ሰዎች እዚያ ከኖሩ በኋላ እንደዚያው ሆነዋል። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ መምጣቴን ስነግራት በደስታ አለቀሰች፣ ከዚያም እንባዋን ሳትጨርስ «እንግዲያው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት» ብላ ቀጠረችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቅር አለኝ። በእኛ አገር እንግዳ መምጫው ይነገረው ይሆናል እንጂ መሄጃው አይነገረውም። ከሄድሁ በኋላ ግን ያን ሁለት ሰዓት ለእኔ ለማግኘት ስትል ፈረቃዋን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር እንደ ተለዋወጠች፣ ለእርሱም በምትኩ የእሑድ ሌሊቷን እንደ ሰጠችው ሰማሁ። የተቀበለችኝ ከራሷ ዕረፍት ቆርሳ መሆኑን ያን ጊዜ ባስተውለው ኖሮ ከዚያ በኋላ የደረሰብኝ ባልደረሰብኝ ነበር።

እህቴ በምትኖርበት ሕንፃ ልብስ የሚታጠበው በየቤቱ አይደለም፤ በምድር ቤቱ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ ክፍል አለ፣ በቋንቋቸው ትቬትስቱጋ ይሉታል። በሩ አጠገብ በቀንና በሰዓት የተከፋፈለ ሰሌዳ ተሰቅሏል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቁጥር ያለባት፣ አውራ ጣት የምታህል መቆለፊያ አለችው፤ የሚፈልገው ሰዓት ላይ ሰክቶ ይቆልፋታል፣ ያ ሰዓትም የእርሱ ይሆናል። ይህን እህቴ አሳይታኛለች። እኔ ሰሌዳውን አየሁ እንጂ ክብደቱን አላየሁም።

አንድ ቀን ጠዋት እህቴ ሌሊቱን ሠርታ ገብታ ተኝታለች፤ የልብሱ ቅርጫት ሞልቷል። ታላቅ ተቀምጣ ታናሽ ከሌሊት ሥራ መጥታ ልብስ ስታጥብ ማየት ስለማይሆንልኝ ቁልፉን ይዤ ወረድሁ። ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም፤ ማሽኖቹ አፋቸውን ከፍተዋል፤ በሰሌዳው ላይ ግን በዚያ ሰዓት የሌላ ቤት መቆለፊያ ተሰክቷል። ባለቤቱ አልመጣም፣ ሳይመጣም እጨርሳለሁ ብዬ ልብሱን ከትቼ ማሽኑን አስነሣሁት። ስመለስ ማሽኑ የሌላ ሰው ልብስ ያጥባል። የእኛ ልብስ ርጥቡን ቅርጫቱ ውስጥ ተከምሯል፤ ከሁሉ በላይ የእኔ ነጠላ፣ ጥበቡ በቅርጫቱ ጠርዝ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ በእርሱም ላይ ያቺ ወረቀት። በትልልቅ ፊደል የተጻፈች ሦስት መስመር ናት፤ አንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል። ስዊድንኛ አላነብም። አንድ ደግ ሰው ልብስሽ አልቋል ሲል የጻፈልኝ መሰለኝ። ይዤያት ወጣሁና እህቴ ስትነሣ እንድታነብልኝ ፍሪጁ በር ላይ በማግኔት አጣበቅኋት።

እህቴ ሳትነሣ፣ ቀጠሮ ይዛ የነበረች በቤተ ክርስቲያን የተዋወቅናት የአገራችን ልጅ መጣች። ቡና ቀድቼ ስሰጣት ዓይኗ ወረቀቷ ላይ አረፈ፤ አነበበችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። «ምን ይላል?» አልኋት። «ይተዉት እትዬ፣ ተራ ነገር ነው» አለችኝ። አጥብቄ ስጠይቃት ስኒዋን አስቀምጣ፣ ወደ መሬት እያየች ነገረችኝ፦ «ይህ ሰዓት የእኔ ነው። የሰው ሰዓት መስረቅ ነውር ነው። ደንቡን ማንበብ የማይችል ማሽኑን አይንካ።» ሁለት ጊዜ የተሠመረበት ቃል መስረቅ የሚለው ነበር።

27 ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ማንበብ ያስተማርሁ ሴት ማንበብ የማትችል ተባልሁ፤ የሰው ነገር ነክቼ የማላውቅ ሴት ሌባ ተባልሁ፤ ያውም በእንግዳ ፊት፣ በገዛ እጄ በር ላይ በለጠፍሁት ጽሑፍ። ከቃሉ ይልቅ ያቃጠለኝ ዝምታው ነው። በእኛ ሰፈር ቢሆን ጎረቤቴ በሬን ደብድባ ትሰድበኛለች፣ እኔም እመልስላታለሁ፣ ሰው መሀል ይገባል፣ በሳምንቱ ቡና እንጠራራለን። የእኛ ጠብ ጩኸቱ ብዙ ነው፣ አንዳንዴም ከልክ ያልፋል፤ ቢሆንም ፊት ለፊት ነው። ይህች ሴት ግን በማግሥቱ አሳንሰር ውስጥ አግኝታኝ ፈገግ ብላ ሰላም አለችኝ፤ የጻፈችብኝ እርሷ መሆኗን እህቴ በቤት ቁጥሯ አውቃ ከነገረችኝ በኋላ ነበር። ለዚያ ፈገግታ ምን እንደሚመለስ ስላላወቅሁ ዝም አልሁ።

እህቴ አልተቆጣችም። «እኔም በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ወረቀት ደርሶኛል፤ አልነገርኋችሁም እንጂ» አለችኝ። በ14 ዓመት ውስጥ በስልክ «እንዴት ነሽ?» ስንላት «ሁሉ ደኅና ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም፤ እኛም ደኅንነቷን ሰምተን ወዲያው ወደ ገንዘቡ እናልፍ ነበር። ጎረቤታችን ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ እርሷም የምትሠራ ሴት መሆኗን ነገረችኝ፤ ያ ሰዓት ለሳምንቱ የያዘችው ብቸኛ የማጠቢያ ሰዓቷ ነበር። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ አንድ ክንድ ድንበር ተገፋብኝ ብሎ ለዓመታት ሲሟገት አይቻለሁ፣ ሲያልፍም ለዚያች አንድ ክንድ ደም ይፈሳል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ሁሉ ተከራይ ነው፤ መሬት የለውም፣ ፀሐይም ሰዓት አትቆጥርለትም፤ ርስቱ ያቺ ተከፋፍላ የተቆለፈችው ቀን ናት። እኔ የሰው ድንበር ገፍቻለሁ። ሌባ መባሉን ግን ዛሬም አልቀበለውም።

«ምን አጥተሽ ተመለስሽ?» ለሚሉኝ የምመልሰው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ቪዛዬ ሲያበቃ ብቀር ኖሮ ያለ ፈቃድ የምኖር ሰው እሆን ነበር፤ በስዊድን የግል መለያ ቁጥር የሌለው ሰው የባንክ ሒሳብ መክፈትም ሆነ በስሙ ቤት መከራየት እጅግ ይከብደዋል። ብዙ ሱቆች የወረቀት ገንዘብ አይቀበሉም፤ በቦርሳዬ የያዝሁትን ክሮና አንድ ዳቦ ቤት መልሶልኝ ተርቤ ወጥቻለሁ። ልጁን በሕጋዊ መንገድ፣ ለትምህርት ወይም ለቤተሰብ ለሚልክ ሰው የምመክረው ከወፍራም ኮት በፊት ቋንቋ እንዲያስይዘው ነው። ኮቱ እዚያ ይገዛል። የመኖሪያ ፈቃድ ላገኘ ሰው ኤስ-ኤፍ-ኢ የሚባል የስዊድንኛ ትምህርት በነጻ ይሰጣል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ለገንዘብ ብሎ ከዚያ ትምህርት የቀረ ሰው እንደ እኔ ስድቡን ፍሪጅ ላይ ሰቅሎ ይኖራል። ቤት ሸጦ፣ በደላላ መንገድ ልጅ መላክ የሚያስብ ደግሞ እህቴ ከሌሊት ሥራ ስትገባ በሩ ላይ ተደግፋ ጫማዋን ሳታወልቅ የምትቆምባትን አፍታ ቢያያት ደስ ይለኛል። በጨለማ ወጥታ በጨለማ ትገባለች። ከዚያ ስልኳን ታያለች፤ ከእኛ ከአገር ቤት የተላከ የገንዘብ ጥያቄ ይጠብቃታል። እኔም ከጠያቂዎቹ አንዷ ነበርሁ።

ወረቀቷ በደረሰችኝ በዚያው ሳምንት ዳቦ ጋገርሁ። ኮባ ስለሌለ በመጋገሪያ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ጥቁር አዝሙድ ጨምሬ ሠራሁት። ይቅርታውን እህቴ በስዊድንኛ ጻፈችልኝና ከዳቦው ጋር ይዘን የጎረቤታችንን በር አንኳኳን። በሩን በግማሽ ከፈተችው። ወረቀቱን ስታነብ ፊቷ ቀላ፣ ዳቦውን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ያን ዕለት በጣም ደክሟት እንደ ነበር ተናገረች። ግቡ አላለችንም።

በዲሴምበር 13 ቀን፣ ሉሲያ የሚሉትን በዓል ሲያከብሩ፣ ጠዋት በራችንን ስንከፍት መያዣው ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ሳህናችን ታጥቦ ገብቷል፤ ባዶውን አልተመለሰም፣ በሳፍሮን ቢጫ የሆኑ፣ ጫፍና ጫፋቸው የተጠቀለለ፣ በእያንዳንዱ ጥቅል መሀል አንድ ዘቢብ ያለባቸው አራት ትንንሽ ዳቦዎች አሉበት። በዚያው ትልልቅ ፊደል የተጻፈች ወረቀትም አለች፤ ስለ ዳቦው ታመሰግናለች። የነቢያት ጾም ላይ ነን፤ ዳቦዎቹ ቅቤና ወተት አለባቸው። እህቴ ለቃቅማ በላስቲክ ጠቀለለቻቸውና በረዶ ቤት ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ታኅሣሥ 29 ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰን፣ ዶሮው እስኪሞቅ እነዚያን አራቱን ምድጃ ውስጥ አስገብታ አሙቃ አወጣቻቸው፤ ሁለት ለእኔ፣ ሁለት ለእርሷ። በስዊድን የእኛ ገና የሥራ ቀን ስለሆነ ማታውኑ ተረኛ ነበረችና፣ የሁለተኛዋን ዳቦ ዘቢብ ለመጨረሻ አስቀርታ በላችና ተኛች።