በንጉሡ ነው በእሳቱ?

ይሄን ገጠመኝ ለመጻፍ ስንቴ ጀምሬ እያፈርኩ እንደተውኩት። መቼም መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ገጣሚ አያጣም፣ የኛ ቢሮ ገጣሚ እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ሪፖርትና ደብዳቤ ማርቀቅ ነው፣ ግን ሰው ጡረታ ሲወጣ፣ ሲዛወር፣ የዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ ሲደርስ "እስቲ አንድ ነገር ሞነጫጭርልን" እባልና ማይክ ይሰጠኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሞነጫጨርኩ፣ ተጨበጨበልኝ፣ እኔም እያደግኩ መሰለኝ።

የምጽፈው ሁሌ ወል ቤት በሚባለው የግጥም ምት ነው፣ ስድስት ስድስት ቀለም (ቀለም ማለት ቃሉ ሲነበብ የሚቆራረጥበት ድምፅ ነው፣ ሻ-ማ ሁለት ቀለም)፣ ስንኙ በ12። ጆሮ ስለለመደው የፈለግከውን ብትሞላበት ይፈሳል (ቤቱ ምን በደለ፣ ስንት ትልልቅ ሰው የተቀኘበት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው እንጂ)። ይቺን ለምሳሌ በየሽኝቱ አነባት ነበር፦

እንደ ሻማ ቀልጠው ለኛ ያበሩልን፣
ደክመው ሳይሰለቹ ሁሌ የኖሩልን።

በዚች አንድ ሻማ ስንቱን እንደሸኘሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዛ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ጡረታ ወጡ። እሳቸው ማለት ፋይሉን ሁሉ በፊደል ተራ የሚደረድሩ፣ ስም ይዘህ ስትሄድ ሰላም ሳይሉህ "በንጉሡ ነው በእሳቱ?" ብለው የሚጠይቁ ሰው ናቸው፣ ሠ ነው ሰ ማለታቸው ነው። "ያው ነው እኮ እትዬ" ካልክ "ያው ከሆነ ግባና ራስህ ፈልገው" ይሉሃል። የሽኝቱ ቀን ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ከዛ በፊት የወጡትን ሰውዬ ግጥም ከፈትኩ፣ የሰውየው ስም ሦስት ቀለም፣ የእትዬም ሦስት ቀለም፣ ሪፕሌስ ኦል አልኩት አለቀ። አንቱታ ደግሞ ወንድና ሴት ስለማይለይ የቀረው ሁሉ ልክክ አለ፣ አንድ ፊደል እንኳን መንካት አላስፈለገኝም።

ያልቆጠርኩት ነገር፣ የሰውየውን ስም ሌላው ቦታ ሁሉ በንጉሡ ሠ ጽፌ አንድ ቦታ ላይ ብቻ በእሳቱ ሰ ጽፌዋለሁ፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ እንደኔ ያው ነው አይልም፣ አለፈው። ማይክ ይዤ ስሜት ውስጥ ገብቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ምናምን፣ እትዬን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ የሰውየውን ስም ጠራሁት።

አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዛ ሁሉም። እትዬ አልሳቁም። ወረቀቱን ስሰጣቸው ቁጭ ብለው ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አወጡ፣ የሰውየውን ስም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዙት፣ ከላዩ የራሳቸውን ስም አሳንሰው ጻፉ፣ ከዛ መዝገብ ላይ ስርዝ ሲኖር እንደሚደረገው ጎኑ ላይ ፈረሙበት። ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ዕቃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ይቅርታ ልጠይቅ መዝገብ ቤት ገባሁ፣ ካርቶን ስናስር አመሸን፣ በወሬ መሀል አንድ ነገር ነገሩኝ። ድሮ የአንድ ሰው ፋይል በስህተት ሌላ ቦታ ገብቶባቸው፣ ሰውየው በዛ ምክንያት ዕድገት አምልጦት፣ ፋይሉ የተገኘው እሱ ሥራ ከለቀቀ በኋላ ነው፣ ለማንም ሳይናገሩ ይዘውት ኖረዋል። በንጉሡ ነው በእሳቱ የሚሉት ለካ ለዛ ነው።

እኔ እንግዲህ ቤቴ ገብቼ ሌሊቱን ጻፍኩት። ወል ቤቱን ትቼ በገጣሚው በፀጋዬ ገብረ መድኅን ስም በሚጠራው ምት፣ በፀጋዬ ቤት፣ ስምንት ስምንት ቀለም፣ ረጅም ትንፋሽ የሚፈልገውን። እውነት ለመናገር ካሉኝ ግጥሞች ሁሉ ይበልጥ ነበር፣ ሪስክ ማለት ይሄ ነው፣ አሁን ገና ደፈርኩ አልኩ። ወስጄ አሳየኋቸው። ሁለቴ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ጎበዝ ነህ ልጄ። ግን ይሄ የኔ ነው። ያንተስ የታለ?"

እዛው ፊታቸው ቀደድኩት። ያንተስ የታለ የምትለዋ ግን ወር ሙሉ አላስተኛችኝም። መጀመሪያ ሰበብ ፈለግኩ፣ ቢሮ ነው የገደለኝ አልኩ፣ ይሄ እንኳን አያስኬድም፣ ዋላስ ስቲቨንስ የሚባለው አሜሪካዊ ገጣሚ እ.ኤ.አ. በ1955 እስኪሞት ድረስ ኢንሹራንስ ቤት ነው የሠራው። ድፍረት ማለት መድረክ ነው፣ እሱን ደግሞ ስድስት ዓመት ቆሜበታለሁ ብዬም ነበር። አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኤሚሊ ዲክንሰን ወደ 1,800 የሚጠጋ ግጥም ጽፋ በሕይወቷ ሳለች የታተመላት ከ10 ብዙ አይበልጥም፣ መድረክ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ማን ነው ግን እሷን ፈሪ የሚላት? እኔ ማይክ ጨብጬም ተደብቄያለሁ።

ያቺን ሻማ ከየት እንዳመጣኋት ሳስብ ነው ነገሩ የተያዘልኝ። መጀመሪያ የጻፍኳት አባቴ ሲሞት ነው። ለሱም ቢሆን ውሸት ነበረች፣ አባቴ እንደ ሻማ አልቀለጠም፣ ኩርፊያ የሚችል ደረቅ ሰው ነበር፣ ሲሞት እኔና እሱ ከተነጋገርን ዓመት አልፎን ነበር፣ እሱን ላለመናገር ስል ነው ሻማ ያበራሁት፣ ከዛ ያቺኑ ለማንም ጡረተኛ ሳድል ኖርኩ።

ጻፍኩት። ቤት ይመታል አይመታም ሳልል፣ "እኔ" እያልኩ፣ ማኩረፌንም ሳልደብቅ። የዓመቱ መዝጊያ ላይ አነበብኩት፣ ጭብጨባው ቀዝቃዛ ነበር፣ አለቃዬ "ጥሩ ነው፣ ለዝግጅቱ ግን ትንሽ ከበድ አላለም?" አሉኝ፣ ከዛ በኋላ ማይኩ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። እህቴ ቪዲዮው ደርሷት ስልኬን ማንሳት አቆመች፣ አባታችን ያንተ ብቻ ነው እንዴ ብላ ጽፋ። እሱ ላይ መልስ የለኝም፣ የእትዬን ቀድጄ የሱን ማንበቤ እስካሁን ይከነክነኛል።

ለእትዬ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ሁለት ቀን ዝም አሉ፣ በሦስተኛው ቀን ጻፉ፦ "አነበብኩት። የአባትህን ስም ግን ላይ በንጉሡ ታች በእሳቱ ጽፈኸዋል። የቱ ነው?"

አላውቀውም። ሲጽፈው አይቼ ነበር፣ ግን አላስታውስም። ለእህቴ ደወልኩ፣ አላነሳችም፣ ጥያቄዋን ብቻ ጽፌ ላክሁላት፣ ማታ ላይ አንድ ፊደል መለሰችልኝ፦ "ሠ"።