ባሕሩ ተኝቷል፤ ዓርብ ንጋት ግን አትተኙ

ባሕሩ እንዲህ ከተኛ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ሞገዱ ይመጣል፣ ጉልበት ሳይደርስ ይሰበራል፣ አረፋው አሸዋው ላይ ይቀራል። ቦርድ ተሸክሞ የመጣ ሰው ቆሞ ያይና ሳይረጥብ ይመለሳል። የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰርፍ፣ ማለትም ቦርድ ላይ ሆኖ በሞገድ መንሸራተት፣ የጀመረችው ከእኔ ጋር ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ ያንኑ ትጠይቀኛለች፦ «አክስቴ፣ ዛሬም የለም?»

ባለፈው ዓመት በእንዲህ ያለ ሰሞን «የለም» ብያት ነበር። ትንበያው ላይ የሞገዱ ከፍታ 0.6 ሜትር ይላል፤ እሱን አየሁና ስልኬን አስቀምጬ ተኛሁ። ረፋዱ ላይ ለሌላ ጉዳይ በዳርቻው ሳልፍ ግን ወገብ ያለፈ፣ ረጅም፣ ከቀኝ ወደ ግራ በወጉ እየተገለበጠ የሚሄድ ሞገድ አየሁ። ነፋሱ ገና መነሳቱ ነበር፣ ፊቱ መሸብሸብ ጀምሯል። ቤት ሮጬ ልጅቷን ይዤ ስመለስ ውኃው በሙሉ ተበጣጥሶ ነጭ በነጭ ሆኗል። ምንም አላለችኝም። ቦርዷን አቅፋ ቆማ ማየቷ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ማታ ትንበያውን እንደገና ከፍቼ ሳየው ከ0.6 ሜትሩ አጠገብ «14 ሰከንድ» የሚል ተጽፏል። እዚያው ነበር፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ ደብተር ይዣለሁ። ሞገዱ ሲያንስ ከፍታውን በመጨረሻ ነው የማየው። መጀመሪያ ሰከንዱን፣ ቀጥሎ የነፋሱን ሰዓት፣ ከዚያ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት አያለሁ።

ሰከንዱ ማለት አንዱ ሞገድ ካለፈ በኋላ ተከታዩ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። እዚሁ አጠገባችን የሚነፍስ ነፋስ የሚያነሳው ሞገድ አምስት፣ ስድስት፣ ቢበዛ ስምንት ሰከንድ ነው፤ አጭር፣ የተጨናነቀ፣ ቶሎ የሚደክም። ከሩቅ ማዕበል ተነስቶ ሺህ ኪሎሜትሮችን ያቋረጠው ደግሞ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ይሆናል። የሞገድ ጉልበት በከፍታው ብቻ አይለካም፤ ከፍታው በራሱ ተባዝቶ እንደገና በሰከንዱ ይባዛል። ወረቀት ላይ ሞክሩት፦ 0.6 ሜትር በ14 ሰከንድ ሲመጣ 5 ይሰጣል፤ 0.9 ሜትር በ6 ሰከንድ ሲመጣ ደግሞ 4.9። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ባለፈው ዓመት «ትንሽ ነው» ብዬ የተውኩት ሞገድ 0.9 ሜትር ቢባል ኖሮ ዘልዬ የምነሳለት ነበር።

ሌላም አለ። ሞገድ የባሕሩን ወለል መንካት የሚጀምረው ጥልቀቱ ከርዝመቱ ግማሽ ሲያንስ ነው። የ8 ሰከንድ ሞገድ ጥልቅ ውኃ ላይ ርዝመቱ 100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ወለሉን የሚያገኘው 50 ሜትር ላይ ነው። የ14 ሰከንዱ ግን 300 ሜትር ያልፋል፤ 150 ሜትር ጥልቀት ላይ እያለ ገና ከሩቅ ወለሉን ይዳስሳል፣ ወደ ጥልቀት አልባው ቦታ ይታጠፋል፣ ፍጥነቱን እየቀነሰ ቁመቱን ያነሳል። መሃል ባሕር ላይ የሚንሳፈፈው መለኪያ የሚነግረን እዚያ ያለውን ከፍታ ነው፤ ዳርቻው ላይ የሚቆመውን አይደለም። በዚያ ላይ የሚሰጠን ቁጥር ከሁሉም ሞገዶች ከፍተኛ የሆኑት አንድ ሦስተኛ አማካይ ነው። ስለዚህ ብዙው ሞገድ ከቁጥሩ ያንሳል፣ አንዳንዱ ደግሞ በጣም ይበልጠዋል።

ወደዚህ ሳምንት ልመለስ። ዛሬ ሰኞ ነው። ይህ ሁሉ ጸጥታ የመጣው ከፊታችን ባለው ባሕር ላይ ከፍተኛ የአየር ግፊት ተቀምጦ ስለሰነበተ ነው፤ በአቅራቢያችን ሞገድ የሚያነሳ ነፋስ የለም፣ ማዕበሎቹም በሩቁ ያልፋሉ። ማክሰኞና ረቡዕ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሞቃት ነው። ሞገዱ 0.4 እስከ 0.5 ሜትር፣ 7 ሰከንድ። ለእኔ ቢጤ ምንም አይደለም፤ ለጀማሪ ግን ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ደረት በማይሞላ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ አረፋው ሲመጣ ቦርዱ ላይ ተንጋሎ ሳይሆን በሆድ ተኝቶ መንሸራተትን መልመድ ይቻላል። ወላጆች ልጆቻችሁን የምታስጀምሩ ከሆነ ማክሰኞ ጠዋት አምጧቸው። ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ የባሕሩ ነፋስ ይነሳል፤ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ በላዩ ያለው አየር ይነሳና የባሕሩ ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ እኛ ይነፍሳል። ሌሊቱን ደግሞ የብሱ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱም ከየብስ ወደ ባሕር ይዞራል፤ ንጋት ላይ የሞገዱን ፊት ደግፎ የሚያቆመው እሱ ነው። ሰሞኑን ያ ደግ ነፋስ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ ይቆያል። ከዚያ በኋላ መምጣት ድካም ነው።

ሐሙስ ምንም የለም። 0.3 ሜትር፣ ዝም። ቦርዴን አላወርድም፣ ግን ባሕሩ ጉድለቱ ላይ ሲደርስ እወርዳለሁ። የተኛ ባሕር ዝም ብሎ አይተኛም፦ ማዕበል አሸዋውን ጠርጎ ወደ ውስጥ ይወስዳል፤ ትናንሽ ሞገዶች ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ዳርቻ ይመልሱታል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲሠሩ የነበሩት ይህንን ነው። ባለፈው ሐሙስ ከትልቁ ጥቁር ድንጋይ ተነስቼ ቀጥ ብዬ ወደ ውኃው ገባሁ፣ እርምጃዬን እየቆጠርኩ። ሃያ ሰባት እርምጃ ድረስ ውኃው እየጠለቀ ወገቤ ደረሰ፤ ከዚያ እግሬ ሥር ያለው ልል አሸዋ ጠጠር እያለ መጣና ሠላሳ አራተኛው ላይ ውኃው ጉልበቴ ላይ ወረደ። የአሸዋው ጉብታ እዚያ ነው። አሸዋው ላይ በጣት የተሰመሩ የሚመስሉ ትናንሽ መስመሮች በእግር መዳፍ ይታወቃሉ። ወደ ቀኝ ስሄድ አርባ እርምጃ ያህል ተከትሎኝ ሄደና በድንገት ከእግሬ ሥር ጠፋ። ሞገዱ መሰበር የሚጀምርበት፣ የሚያልቅበትም ቦታ ይኸው ነው። በዚህ ሐሙስ ጉብታው ስንት እርምጃ ወደ እኛ እንደቀረበ አይቼ እጽፋለሁ።

ያ ጉብታው የጠፋበት ክፍተት ግን ሌላም ነገር ነው። ወደ ዳርቻ የተገፋው ውኃ ወደ ባሕር የሚመለሰው በእሱ በኩል ነው። ሞገድ ስለማይሰበርበት ከዳር ሲያዩት ከሁሉም ጸጥ ያለ፣ ለልጅ የሚመች ይመስላል። እባካችሁ ልብ በሉ፤ ሞገዱ ትንሽ በሆነበት ቀንም ይስባል። ከያዛችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት። ተንሳፈፉ፣ ትንፋሻችሁን ሰብስቡ፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ከመስመሩ ውጡ፤ ካቃታችሁ እጃችሁን አንስታችሁ ጥሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ ከእኛ 4,500 ኪሎሜትር የሚርቅ ማዕበል ጉልበቱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ካርታው ላይ ሳየው ልቤ ዘለለ። ጥልቅ ውኃ ላይ የሞገድ ጉልበት የሚጓዝበት ፍጥነት ከሰከንዱ ጋር ይያያዛል፦ ሰከንዱን በ2.8 ብታባዙ በሰዓት የሚሄደውን ኪሎሜትር ታገኛላችሁ። የ16 ሰከንዱ በሰዓት 45 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 4,500ን ለ45 ብታካፍሉ 100 ሰዓት ነው። ዓርብ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይደርሳል ማለት ነው። የ14 ሰከንዱ ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ የ12ቱ ደግሞ ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ይከተላል። አንድ ማዕበል ያመነጫቸው ሞገዶች በመንገድ ላይ እንደ ሯጮች ይበታተናሉ፤ ረጃጅሞቹ ይቀድማሉ።

ይህን ካሳዩን አንዱ ዋልተር መንክ የተባለው የባሕር ሳይንቲስት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከመምህሩ ከሃራልድ ስቨርድሩፕ ጋር ወታደሮች ከመርከብ ወደ ዳርቻ ለሚወርዱበት ቀን ሞገዱን ቀድሞ የሚተነብይ ስሌት ሠራ። በ1963 ደግሞ ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ ድረስ መለኪያዎች ዘርግተው ከደቡብ ዋልታ አካባቢ የተነሱ ሞገዶች ፓስፊክን ከጫፍ ጫፍ ሲያቋርጡ እሱና ባልደረቦቹ ተከታተሉ። እሱ ራሱ ከቤተሰቡ ጋር ሳሞዋ ላይ ሆኖ ነበር የሚለካው። ከአሥር ሺህ ኪሎሜትር በላይ የሄደ ሞገድ እምብዛም ሳይደክም አላስካ ይደርስ ነበር። በ2019 በ101 ዓመቱ አረፈ። ስልኬ ላይ «16 ሰከንድ» የሚል ቁጥር ባየሁ ቁጥር እሱን አስባለሁ።

ዓርብ ጠዋት ስትመጡ ግን መጀመሪያ ባዶ ባሕር ልታዩ ትችላላችሁ። ከፍታው 0.5 ሜትር ቢሆን ነው። ቀዳሚዎቹ ሞገዶች ሦስት አራት ሆነው ይመጡና ከዚያ አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ምንም የለም። ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትሄዱ። ቁጭ ብላችሁ ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። ዓለት ላይ ቆሞ ማየትና ፎቶ ማንሳት የምትወዱም ተጠንቀቁ፤ ባሕሩ ጸጥ ያለ መስሏችሁ ጀርባችሁን ስትሰጡ ነው የሚመጣው።

የሙላትና ጉድለቱ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ሐሙስ ጨረቃ ጠፍታ አዲስ የምትሆንበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ዓርብና ቅዳሜ ሙላቱ ከፍ፣ ጉድለቱም ዝቅ ይላል። ሞገድ የሚሰበረው ጥልቀቱ ከቁመቱ ትንሽ ሲበልጥ ነው፤ አንድ ሜትር የቆመ ሞገድ 1.3 ሜትር ገደማ ውኃ ላይ ይሰበራል። ባሕሩ ሲሞላ ጉብታው ላይ ከሁለት ሜትር በላይ ውኃ ስለሚኖር ትንሹ ሞገድ ሳይነካው ያልፍና ዳርቻው ላይ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ዓርብ የጉድለቱ መጨረሻ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ቅዳሜ 2 ሰዓት ሊሆን ሲል። ደጉ ነፋስ፣ ዝቅ ያለው ውኃና የሩቁ ሞገድ ሦስቱም አንድ ጠዋት ላይ ተገናኙ ማለት ነው። በደብተሬ ውስጥ ይህ የገጠመው አራት ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዓርብ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት። ቅዳሜም እንደዚያው፣ ምናልባትም ከዓርብ የተሻለ፤ ሞገዱ 0.8 ሜትር ይጠጋል፣ የሚመጣውም ቶሎ ቶሎ ነው። የሥራ ቀን የማይመቻችሁ ቅዳሜን ያዙ። ቦርዱ ረጅምና ሰፊ ይሁን፤ ዘጠኝ ጫማ ያህል ቢሆን ትንሿን ሞገድ ቀድሞ ይይዛታል። እሑድ ሰከንዱ ወደ 10 ይወርዳል። ደመና ይኖራል ይላሉ፤ ደመና ካለ የብሱ ስለማይሞቅ የባሕሩ ነፋስ ይዘገያል፣ ጠዋቱም ይረዝማል። ግን ስድስት ቀን ለራቀ ነፋስ አልምልም፤ ቅዳሜ ማታ እንደገና አይቼ እነግራችኋለሁ።

ዛሬ ማታ የልጅቷን ቦርድ ወለሉ ላይ አጋድመን የቆየውን ሰም በፕላስቲክ ካርድ ፋቅነው። አሸዋ ተጣብቆበት ግራጫ ሆኖ ነበር። አዲሱን እሷ ራሷ በትናንሽ ክብ ክብ እያሸች ቀባችው፤ ጣት ሲነካው ያዝ የሚያደርጉ ትናንሽ እብጠቶች እስኪያወጣ ድረስ። እኔ ቦርዱን ከእግሯ ጋር የሚያያይዘውን ገመድ ቋጠሮ አጠበቅሁ። «አክስቴ፣ ዓርብ ትምህርት ቤት አለ እኮ» አለችኝ፣ ሰሙን ሳትተው። ትምህርት የሚጀምረው 2 ሰዓት ተኩል ነው። በ11 ሰዓት እቀሰቅስሻለሁ አልኳት፤ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ውኃ ውስጥ ነን፣ ከዚያ ፎጣና ቀጥታ ትምህርት ቤት። ማንቂያውን በእኔም በእሷም ስልክ ላይ ሞልተነዋል።