የብየዳ ጉዳት የሚታወቀው ማታ ነው

የብየዳ ክፍሉን ኃላፊነት ስረከብ ጓንትም ማስክም ሞልቶ ነበር። ሠራተኛውም ያደርገዋል። ግን ሁሉም የሚጠነቀቀው አርኩ፣ ማለትም ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ እስኪጠፋ ብቻ ነው። የብየዳ ጉዳት ደግሞ አብዛኛው ቆይቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሥራውን ከዚህ አንጻር እንደገና አደራጀሁት።

የጀመርኩት ከዓይን ነው። የብየዳ ብርሃን ሲመታ ወዲያው አያምም። ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ከቆየ በኋላ፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ሊተኛ ሲል፣ ዓይን አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራል። እንባው አይቆምም፤ መብራት ማየት አይቻልም። እኔ እንዳየሁት በብዛት የሚመታው በያጁ አይደለም፤ ብረት ያዡ ነው። በያጁ ከ10 እስከ 13 ቁጥር ያለው ጥቁር መስታወት አለው። አጋዡ ግን ፊቱን ዞር አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይይዝለታል። ለአጋዦችም ማስክ አስገዛሁ፤ በበያጆች መሀልም መጋረጃ አስደረግሁ። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ክላምፕ፣ ብረት ቆንጥጦ የሚይዘው መሣሪያ፣ ነው። ብረቱን ክላምፕ ከያዘው ሰው እዚያ መቆም የለበትም።

ቀጥሎ ጭሱ። ጋልቫናይዝድ ብረት (እንዳይዝግ በዚንክ የተሸፈነ ብረት) ላይ ያለው ዚንክ 907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይተናል። ብረቱ ለመቅለጥ 1500 ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ወጥቷል። ይህን ጭስ የሳበ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ምላስ ላይ የብረት ጣዕም ይመጣል። ብዙዎች ጉንፋን ይመስላቸዋል። ወተት ጠጡ የሚለው ምክርም ሳንባ የገባውን አያወጣም። እኛ ሽፋኑን መጋጠሚያው አካባቢ ቀድመን በግራይንደር እናነሳለን፤ ያኔም አቧራው ስላለ የጭስና የአቧራ መከላከያ ማስክ ይደረጋል። የብየዳ ማስክ ጭስ አይከለክልም። የጭስ መሳቢያውንም ከበያጁ ጎን፣ ለሥራው ጠጋ አድርገን አስቀመጥነው። ከላይ ሲሆን ጭሱ በፊቱ በኩል ነው የሚያልፈው። የብየዳ ጭስ እኮ እ.ኤ.አ. በ2017 ካንሰር አምጪ ተብሎ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የተመደበ ነገር ነው።

ክርክር ያስነሳው የእሳቱ ጉዳይ ነው። ፍንጣሪ 10 ሜትር ድረስ ይሄዳል፤ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶም ቀስ ብሎ ይጤሳል። ብየዳ ከመውጫ ሰዓት 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይቁም አልኩ። «ሥራ ይጓተታል» ተባልኩ። አልለቀቅኩም። በዚያ ግማሽ ሰዓት አንድ ሰው ሌላ ሥራ አይነካም፤ የእሳት ማጥፊያውን ይዞ ይዞራል። ከግድግዳው ማዶ ያለውንም ክፍል ያያል፤ ሙቀት በብረት በኩል ያልፋላ። አንድ ቀን እንዲህ ሲዞር ነው መደርደሪያ ሥር የተወሸቀ ጨርቅ ሲጤስ ያገኘው። አርኩ ከጠፋ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ስለ 30 ደቂቃው የተከራከረኝ የለም፤ እንጨትና ስፖንጅ በአቅራቢያ ካለ እንዲያውም አንድ ሰዓት ይጠበቃል።